ሐምሌ 19 ቀን 1967 እና የፒያሳ ቤታችን፦ ታሪኩ ከየት ነው የሚጀምረው?

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ | ቅዳሜ ጠዋት 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ የልብስ ሳጥኗን ስታራግፍ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። የቤት ኪራይ ደረሰኝ ነው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ የአንዳንዱን ጥግ አይጥ በልቶታል። ከላይ ያለው በ1968 የተቆረጠ ነው፣ በሰማያዊ ቀለም በእጅ ጽሑፍ "ብር 7.50" ይላል። ከዚያ በፊት ለቤቱ ባለቤት በወር 15 ብር ይከፍሉ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ የእናቴም ኪራይ ግማሽ ሆነ። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ደስታዋን ዛሬም ስታወራው ፊቷ ይበራል።

ቤቷ ዶሮ ማነቂያ ነበረች። ጭቃ ቤት፣ ክዳኗ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ የማዳበሪያ ጆንያ። አንድ ክፍል ብቻ። አባቴ በኋላ ቆጥ ሠራባትና እኔና ወንድሞቼ እዚያ ላይ እየተኛን አደግን። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ማድቤቱ የጋራ። ካቻምና መጋቢት ላይ እስክትፈርስ ድረስ ኪራይዋ ያው 7 ብር ከ50 ነበር። አንድ ማኪያቶ ከወር ኪራያችን በልጦ ነበር ማለት ነው። ዝናብ ሲያስገባ ግን ማን ይጠግናት? ተከራዩ የኔ አይደለችም ይላል። ባለቤት የተባለው ደግሞ በ7 ብር ከ50 ምን ያድሳል?

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ስለ ኮሪደር ልማት ስንከራከር ክርክሩ ሁሉ ከ2016 ይጀምራል። አንዱ ከተማዋ አማረች ይላል፣ ሌላው ሰው ተፈናቀለ ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። ግን በአገሪቱ ውድ ከሚባለው መሬት ላይ፣ መሀል ፒያሳ፣ 50 ዓመት ሊሞላ ሲል ድረስ ጭቃ ቤት ውስጥ የኖርነው ለምንድን ነው? ለምን ሳይሸጥ፣ ሳይታደስ፣ ሳይፈርስ ቆየ? መልሱ 1967 ላይ ነው ባይ ነኝ። ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል። ከተማዋ በ1879 ስትቆረቆር ጉብታ ጉብታው ለመኳንንቱ ተሰጠ። ራስ መኮንን፣ ራስ ብሩ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ደጃች ውቤ። ጌታው ከላይ ግቢውን ሠራ፣ ወታደሩና አሽከሩ ከሥሩ ሰፈረ። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከጦር ሰፈር ነው የመጣው። ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር የሚኖርባት ከተማ የሆነችው በዚህ ነው። ደርግ መሬቱን ሲወርስ ደግሞ ያንን አቀማመጥ እንዳለ አደረቀው። ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ ነዋሪው አልተነቃነቀም። ዛሬ እየተፈታ ያለው ያ ቋጠሮ ነው።

እናንተ ቤትስ 1967 ምን ሆነ? የተወረሰበትም የተሰጠውም ይጻፍ።

የጉለሌዋ | ቅዳሜ ጠዋት 4:02

ጽሑፍህ ልቤን ነካው ወንድሜ። ግን "ትርፍ ቤት" የሚለውን ቃል ስሰማ ያመኛል።

አያቴ መኳንንት አልነበረችም። ጠላ ጠምቃ፣ ጠጅ ጥላ፣ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅማ ከግቢዋ ጀርባ አራት ክፍል ሠራች። ባሏ ሞቶባታል። ስድስት ልጅ በነዚያ ክፍሎች ኪራይ ነው ያሳደገችው። አዋጁ በሬዲዮ ሲነገር ምድጃ ላይ ብቅል እያመሰች ነበር አሉ። አራቱም ክፍል ሄደ። ካሳ የለም። ብዙ ቤት የነበረው ባላባትና አራት የጭቃ ክፍል የነበራት ባልቴት አንድ ስም ወጣላቸው፣ "የትርፍ ቤት ባለቤት" ተባሉ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ተከራዮቿ እዚያው ቀሩ፣ ያው ግቢ፣ ያው በር። አንደኛዋ ከአያቴ ጋር ከ30 ዓመት በላይ ቡና ተጣጥታለች። አያቴም ያንን የተወረሰባትን ግድግዳ በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ በገዛ እጇ ጭድና ጭቃ አቡክታ ትለስነው ነበር። ልጆቿ "ያንቺ አይደለም እኮ፣ ምን አደከመሽ" ሲሏት መልስ አትሰጥም። ይህን ሳስበው አሁንም እንባዬ ይመጣል። አዋጁ ካርታዋን ወሰደባት እንጂ ቤቴ ማለቷን አልወሰደባትም።

አንቀጽ_40 | ቅዳሜ ጠዋት 4:45

በሙያዬ የሕግ ሰው ነኝ። ሁለታችሁም የጻፋችሁት ስለ አንድ አዋጅ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ልጨምር። ቀበሌ ራሱ የዚያ አዋጅ ልጅ ነው። ያን ሁሉ ቤት ከወረሱ በኋላ የሚያስተዳድር አካል አስፈለገ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ለማኅበሩ ተሰጠ፣ ከዚያ በላይ ያለው ኪራይ ቤቶች ለምንለው መሥሪያ ቤት ሄደ። ከዚያ ቤት ያከራይ የነበረው ማኅበር መታወቂያ መስጠት ጀመረ፣ ስኳርና ዘይት ማደል ጀመረ፣ ወጣቱን መመዝገብ፣ መሣሪያ ማስታጠቅ ጀመረ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ወረዳ እንጂ ቀበሌ የለም። ግን እስኪ መንገድ ላይ ሰው ጠይቁ፣ "መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ እየሄድኩ ነው" ይላችኋል። የቤት ኪራይ አዋጅ ከመንግሥት ጋር የምንገናኝበትን በር ሠርቶልን ሄደ።

መሬቱን በተመለከተ መንግሥት ተቀያይሯል፣ መርሁ ግን አልተቀየረም። ደርግ በአዋጅ 47 የከተማውን፣ በአዋጅ 31 የገጠሩን የመንግሥትና የሕዝብ አደረገ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ያንኑ ደገመ፣ መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ሊዝ በ1986 በአዋጅ 80 ገባ፣ በ1994 ተሻሻለ፣ በ2004 እንደገና በአዋጅ 721 ወጣ። ለመኖሪያ 99 ዓመት። ስለዚህ አንድ ሰው ሲነሣ ካሳ የሚከፈለው መሬቱ ላይ ለሠራው ነገር ነው እንጂ መሬቱ በገበያ ለሚያወጣው አይደለም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ የቤቱም ባለቤት ስላልሆነ ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይሰጠው እንደሆነ ነው እንጂ ለግድግዳው የሚካስ ነገር የለውም። የዶሮ ማነቂያው ወንድሜ፣ አባትህ የሠራት ያቺ ቆጥ በሕግ ዓይን የማንም አይደለችም።

ሁለት_ፎቅ_ላይ | ቅዳሜ ቀን 6:20

እኔ በግልጽ ልናገር፣ አትቆጡኝ። ስለ ጭቃ ቤት እንዲህ በፍቅር ስታወሩ አይገባኝም። እኔ ባሻ ወልዴ ችሎት ነው ያደግኩት። ለ14 አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበር። ሌሊት ሆዴን ሲቆርጠኝ እናቴ ባትሪ ይዛ ታጅበኝ ነበር፣ ክረምት ላይ ሞልቶ በግቢው ይፈስ ነበር። እህቴ በታይፎይድ ሁለቴ ተኝታለች። ሰፈሩ ሲፈርስ ያለቀሱ ነበሩ፣ እኔ አላለቀስኩም። ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ የራሳችን ቧንቧ፣ የራሳችን በር። እናቴ የመጀመሪያ ቀን ቧንቧውን ከፍታ ዘጋች፣ ከፍታ ዘጋች። አሥር ጊዜ ያህል።

ታሪክ ይኑር፣ እሺ። ልጆች ግን በታሪክ ውስጥ አይደለም የሚያድጉት።

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ | ቅዳሜ ቀን 6:41

@ሁለት_ፎቅ_ላይ በፍጹም አልቆጣም። እኔም ያንን ሽንት ቤት አውቀዋለሁ። ሰፈሩ እንዳለ ይቆይ አላልኩም። እንዲያ የሆነው በራሱ አይደለም ነው የምለው። ኪራዩ ለተከራዩ ረክሶ ሲቆም የሚጠግን ጠፋ። ከአንድ ቤት በላይ መያዝ ሲከለከል አከራይቶ የሚሠራ ጠፋ። ሰዉ ደግሞ ከገጠር መምጣቱን፣ መውለዱን አላቆመም። ስለዚህ አንዱ ክፍል በኮምፔልሳቶ ሁለት ሆነ፣ ደባል ገባ፣ ማድቤቱ መኝታ ሆነ። እናትህ ያን ሁሉ ዘመን ቧንቧ ያጣችው ማንም ስለማያስብላት ብቻ አይደለም። ቤቱ የሁሉም ሆኖ የማንም ስላልነበረ ነው።

@የጉለሌዋ ስለ አያትሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለእናቴም አነበብኩላት። ዝም አለች፣ ከዚያ "የኛም ባለቤት ሴት ነበረች" አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ጋራዥ_ተክለሃይማኖት | ቅዳሜ ከሰዓት 8:15

እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። የቤት ነገር አላውቅም፣ ግን ታሪክ ከኛ ጋር ይኖራል ለሚለው በየቀኑ እጄ ላይ ያለውን ላሳያችሁ። ለረዳቴ "ካቻቪቴ አምጣ፣ ፒንሳ አቀብለኝ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል" ስል አማርኛ የምናገር ይመስለኛል። ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ መኪና ራሱ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፣ ንጉሡ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ልክ አምስት ዓመት። አምስት ዓመት ቆይቶ ምላሳችን ላይ እስከ ዛሬ አለ።

ከቃሉ የሚከብደው ግን ቦታው ነው። ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ ነበር፣ ጊዮርጊስ አጠገብ። ጣሊያን ነጭና ጥቁር ለይቶ ከተማ ሊሠራ ሲነሣ አራዳን ለራሱ ወሰደና ፒያሳ አለው፣ የአበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። መርካቶ ማለት ያ ነው። መርካቶ የተገፉ ሰዎች ገበያ ነው። ካዛንቺስም የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ነበር፣ ስሙም ከዚያው ከቤት ሠሪው ተቋም ስም ነው የወጣው። የካቲት 12ን ረስቼ አይደለም ይህን የማወራው። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር በየዓመቱ አባቴን ይዤ እሄዳለሁ። የሚገርመኝ ግን እኛን ለመለየት የተሠራው መርካቶ የአገሪቱ ንግድ እምብርት መሆኑ ነው። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ የመኑ አረብ፣ ሁሉም እዚያ ሱቅ በሱቅ ሠራው። ዛሬ ማንም ጣሊያን የሠራው ነው አይለውም።

ጡረተኛው_ከአራት_ኪሎ | ቅዳሜ ከሰዓት 10:30

ልጆቼ፣ እናንተ ያነበባችሁትን እኔ ኖሬበታለሁ። ዕድሜዬ ከ70 አልፏል፣ ጽሑፌ ቢዘበራረቅ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በየካቲት 1966 የታክሲ ረዳት ነበርኩ። ሰይቼንቶ ነበር የምንሠራው፣ ያቺ ትንሿ ፊያት። አረብና እስራኤል ተዋጉና ነዳጅ ተወደደ፣ መንግሥት ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨመረ። ታክሲ አደመ፣ ከተማዋ ቀጥ አለች። ያ አድማ ንጉሡን ይጥላል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። እኛ ሳንቲማችን ነበር ያሳሰበን። በዓመቱ ንጉሡ የሉም፣ ባንኩ ተወርሷል፣ መሬቱ ተወርሷል። እኛ ባልተዋጋንበት ጦርነት የጨመረ ቤንዚን አብዮት ሆኖ መጣ።

ሐምሌ 1967 ላይ ከጨፈሩት ውስጥ ነኝ። አልክድም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ግቢ ውስጥ ኖሮ "ልቀቅ" በተባለ ቁጥር ዕቃውን በጋሪ ሲጭን አይቼዋለሁ። ያን ቀን "ከእንግዲህ ማንም ልቀቅ አይልህም" አልኩት። ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ብዙ አላየሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ቤት የሰጠን ቀበሌ ታናሽ ወንድሜን ጠራው። በስብሰባ ላይ ስሙ ተጠርቶ ነው የወጣው። አብዮት ጥበቃዎቹ የሰፈር ልጆች ነበሩ፣ አንዱ ከሱ ጋር ኳስ ይጫወት ነበር። አልተመለሰም። እናቴ ኪራይ ልትከፍል በየወሩ እዚያው ቢሮ መሄድ ነበረባት። እዚያው መስኮት። ደረሰኙን ተቀብላ፣ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ዝም ብላ ትመለሳለች።

ስለዚህ ልጄ የዶሮ ማነቂያው፣ ደረሰኝ ደረሰኝ ስትል እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። የኔ ትውልድ ፖለቲካ ሲነሣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው፣ ልጆቹን "አርፋችሁ ተቀመጡ፣ ትምህርታችሁን ተማሩ" የሚለው ለምን እንደሆነ ብዙ ወጣት አይገባውም። ፍርሃት ብቻ አይደለም። ጨፍረን የተቀበልነው ነገር ምን ይዞ እንደመጣ ስላየን ነው።

አንቀጽ_40 | ቅዳሜ ከሰዓት 11:05

ጋሼ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ከላይ "ወጣቱን መመዝገብ፣ መሣሪያ ማስታጠቅ" ብዬ በአንድ መስመር ያለፍኩትን እርስዎ ኖረውታል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የካ_ዳገት | ቅዳሜ ማታ 1:20

ጥሩ ውይይት ነው፣ ግን ሁላችሁም ከ1879 ነው የምትጀምሩት። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ሲወርዱ ቦታው ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ይባል ነበር። ጉለሌ፣ ገላን፣ የካ ዝም ብለው የቦታ ስም አይደሉም፣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ስም ናቸው። አያት ቅድመ አያቶቼ ከብት ያሰማሩበት ሜዳ ለመኳንንት ሲታደል የነሱ ደረሰኝ የለም፣ የሚያሳዩት ካርታ የለም። ስማቸው ብቻ ታክሲ ላይ ይጠራል። "የካ አለ፣ የካ!"

ይህን የምለው የማንንም ቤት ለማሳነስ አይደለም። በ2006 እና በ2008 በማስተር ፕላኑ ምክንያት ያ ሁሉ ተቃውሞ ለምን እንደተነሣ መሀል ከተማ የሚኖር ብዙ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። ወረቀት ላይ የመንገድና የቤት ዕቅድ ነበር። ገበሬው ግን ያየው ከዚህ በፊት ያየውን ነው። ከተማዋ ስትሰፋ ማን እንደሚገፋ ከአያቱ ሰምቷል። ከዚያ ተቃውሞ በኋላ አገሪቱ ወዴት እንደሄደች ሁላችንም እናውቃለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ላይ ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ስላላት ልዩ ጥቅም የጻፈውም ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ነው።

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 1:52

@የካ_ዳገት ልክ ነህ። "ከዚያም ወደ ኋላ" ብዬ 1879 ላይ መቆም አልነበረብኝም። ጉብታው ለራስ እገሌ ተሰጠ ስል "ከማን ተወስዶ?" ብዬ አልጠየቅኩም። ስለጻፍክ አመሰግናለሁ።

ሒሳብ_ሠራተኛ | ቅዳሜ ማታ 2:40

ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሣም፣ ትንሽ ልበል።

የግል ባንኮች የተወረሱት ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ነው፣ ቤቱ ከመወረሱ ሰባት ወር ቀድሞ። የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ነው። በንጉሡ ጊዜ ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ገበያ የተመለሰው ገና ጥር 2017 ላይ ነው። 50 ዓመት ገደማ። ይህ ክፍተት በሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስቡት። አንድ ትውልድ ሙሉ አክሲዮን ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ቤት አከራይቶ መኖር ወንጀል መስሎት አደገ።

አጎቴን ልንገራችሁ። ነጋዴ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሁለተኛ ቤት ገዛ፣ ግን በስሙ ሊያደርገው እምቢ አለ። ሕጉ ተቀይሯል ብንለው "ዛሬ ተቀይሯል፣ ነገስ?" ይለናል። በሚስቱ የእህት ልጅ ስም አደረገው። በ1998 ሞተ። ከዚያ በኋላ ያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሰ፣ ሁለት ቤተሰብ በለቅሶ እንኳ የማይጠያየቅ ሆነ። ጠበቃው "ሰነድ አምጡ" ይላል፣ ያለን ሰነድ የአጎቴ ፍርሃት ብቻ ነው። አዋጁ የወጣው ያኔ ነው፣ እኛን ያጣላን ግን በኛ ዘመን ነው።

አሁንም ያው ነው። በ2016 የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ሲወጣ፣ ቁጥር 1320፣ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን፣ ይመዝገብ ሲባል ብዙ አከራይ የደነገጠው በሁለት ዓመቱ አይደለም። "ተመዝገቡ" የሚለው ቃል ነው ያስደነገጠው። ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት አከራይ ቢሯችን መጥተው "ልጄ፣ ያኔም በምዝገባ ነው የጀመረው" ብለውኛል። ተከራዩ ደግሞ እውነተኛ ጥበቃ ያስፈልገዋል፣ በየስድስት ወሩ ጨምር እየተባለ መኖር አይቻልም። ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው። ግን አንዱ ሌላውን ሲያይ የሚያየው የ1967ን ሰው ነው።

ከካዛንቺስ_ወደ_ገላን | ቅዳሜ ማታ 3:15

ልጆች ከተኙ በኋላ ነው የምጽፈው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

እኔ ከካዛንቺስ ተነሥቼ ገላን ጉራ ነው ያለሁት። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውሸት አልናገርም። ውሃ አለ፣ መብራት አለ። @ሁለት_ፎቅ_ላይ፣ እናትህ ቧንቧውን እንደከፈተችው እኔም ከፍቻለሁ። ግን ካዛንቺስ ሳለሁ ጠዋት እንጀራ ጋግሬ በእግሬ አሥር ደቂቃ ሄጄ ለሦስት ምግብ ቤት አስረክብ ነበር። ደንበኞቼ ስሜን ያውቃሉ፣ ገንዘብ ቢጎድል በማግስቱ ይሞላል። አሁን ያንን እንጀራ ይዤ ሁለት ታክሲ ልያዝ? ትርፉ መንገድ ላይ ያልቃል። ዕድራችንም ተበተነ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ አለ፣ አንዷ ጎረቤታችን ቤት ተቆልሎ ተቀምጧል። ሰዉ ግን አራት አቅጣጫ ሄደ። ባለፈው አንድ አባት ሲያርፉ ቀብር የደረስነው 19 ሰው ነን። ካዛንቺስ ቢሆን መንገዱ ይዘጋ ነበር።

@የካ_ዳገት፣ አንተ የጻፍከውን ሳነብ ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። እዚህ ከኛ ሕንፃ ወዲያ ማዶ አንዲት ገበሬ እናት አሉ፣ ወተት የምገዛው ከሳቸው ነው። አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ የኔ ኦሮምኛ ከዚያም ያነሰ። ሕንፃው የቆመበት መሬት ድሮ የነሱ ጤፍ ማሳ እንደነበር በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። አልተቆጡኝም። እኔ ግን የማደርገው ጠፋኝ። እኔ ከቤቴ ተነሣሁ ብዬ ሳለቅስ የመጣሁት የሳቸው ማሳ ላይ ነው። አሁን ቡና ሳፈላ እጠራቸዋለሁ፣ ይመጣሉ። የባቄላ እሸት ይዘውልኝ መጥተዋል።

የጉለሌዋ | ቅዳሜ ማታ 3:31

እህቴ፣ አያቴንና ተከራይዋን ነው ያስታወስሽኝ። ዕድሩን ግን አትተዉት። እኛም ሰፈር ግማሹ ሰው ከሄደ በኋላ በስልክ ነው የምንሰበሰበው፣ መዋጮው በስልክ ይገባል። ለቀብር አንድ ሚኒባስ እንከራያለን። ቢያንስ 19 የነበረው 40 ይሆናል።

ጡረተኛው_ከአራት_ኪሎ | እሑድ ጠዋት 1:40

ቅዳሴ ልሄድ ስል ነው ያየሁት። የዶሮ ማነቂያው ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እነዚያን ደረሰኞች ከነላስቲኩ መልሰህ ሳጥን ውስጥ እንዳትከታቸው። በእያንዳንዱ ጀርባ በእርሳስ ጻፍበት። በዚያ ወር ቤቱ ውስጥ እነማን ይኖሩ ነበር? ማን ተወለደ፣ ማን ሄደ፣ ጎረቤቱ ማን ነበር? ባለቤቷ የነበሩትን ሴትዮ ስምም ጠይቃት። እናትህ ዝም ብላለች ብለሃል። ዛሬ ዝም ካለች ነገ ትናገራለች፣ አታስጨንቃት። እኔ የእናቴን ደረሰኞች አቃጥያለሁ። ተናድጄ ነበር።

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ | እሑድ ቀን 7:55

እሺ ጋሼ። ዛሬ ቡና ሲፈላ ጀመርን። የመጀመሪያው ደረሰኝ ጀርባ ላይ እናቴና አባቴ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ታላቅ ወንድሜ ተወልዷል። የባለቤቷን ስም እናቴ ነገረችኝ፣ እዚህ አልጽፈውም። ቤቱ ከተወረሰ በኋላም ሁለት ዓመት ያህል እናቴ ለበዓል ዳቦ እየያዘች ትጠይቃት ነበር፣ ከዚያ ሴትዮዋ ወደ ልጇ ዘንድ ሄደች። የት እንደሄደች እናቴ አታውቅም። የቤት ቁጥር ቆርቆሮዋንም ከመፍረሱ በፊት ነቅዬ አስቀምጬአለሁ፣ አሁን ደረሰኙ አጠገብ ናት።

ከ1968 እስከ 1971 ደርሰናል። የቀረውን በሚቀጥለው እሑድ።